የጨለማው ጾም

ስዊድኖች ሲደሰቱ ማየት የሚፈልግ ሰው በኤፕሪል መጨረሻ ይምጣ እላለሁ። ፀደይን በእሳት ከሚቀበሉበት ከቫልቦሪ ምሽት እስከ የበጋው አጋማሽ በዓል ሚድሶማር ባሉት ሳምንታት ይህ ዝምተኛ የሚባል ሕዝብ ሌላ ሕዝብ ይሆናል። እኔ ግን ይህን ደስታ ከልቤ ለመካፈል ዓመታት ፈጅቶብኛል፤ ያስተማረኝም በጋው ሳይሆን ብርዱ ነው።

የምኖረው ኡፕሳላ ነው። በዲሴምበር ፀሐይ ከጧቱ 3 ሰዓት ገደማ ትወጣና 9 ሰዓት ሳይሞላ ትጠልቃለች። በጁን መገባደጃ ደግሞ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተኩል ግድም ወጥታ የምትገባው ከምሽቱ 4 ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። ቀኑን 12፣ ሌሊቱን 12 ብሎ እኩል ከፍሎ ለሚቆጥር ሰው ሰዓቱ ራሱ ግራ ያጋባል።

በፊት የማውቀው ብሩህ ብሩሁን ወራት ብቻ ነበር። ፈቃዴን አጠራቅሜ ዲሴምበር ላይ ወደ አገሬ እሳፈራለሁ፤ ገናን እናቴ ቤት፣ ጥምቀትን ጃን ሜዳ አሳልፌ፣ አጥንቴ ድረስ ፀሐይ ጠግቤ እመለሳለሁ። የስዊድኖቹን በዓል እወደው ነበር፤ አወዳደዴ ግን የእንግዳ ነበር። ሽማግሌዎች የቫልቦሪ እሳት ፊት ቆመው ዓይናቸው እንባ ሲያቀርር ምክንያቱ አይገባኝም ነበር።

ልጄ ትምህርት ስትጀምር ያ ልማድ ቀረ። እዚህ ትምህርት ግዴታ ነው፤ ልጅን በትምህርት ወቅት ለሳምንታት ይዞ መጥፋት አይታሰብም። ስለዚህ ጨለማውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ኖርኩት። ከሁሉ የከፋው ኖቬምበር ነው። በረዶው ገና አልጣለም፣ ቅጠሉ ረግፏል፣ እርጥቡ መሬት ያለውን ብርሃን ሁሉ ይውጠዋል። በጨለማ ወጥቼ በጨለማ እገባለሁ። ያለ ምክንያት ሆድ ይብሰኛል። የገና ጾማቸው ይሆን በነበረው ወራት በየመስኮቱ መብራት ያኖራሉ፤ ዲሴምበር 13 በሉሲያ ቀን ልጆች ነጭ ለብሰው ሻማ ይዘው ይዘምራሉ። ያ ባይኖር እንዴት እንደሚዘለቅ አላውቅም።

የምሠራው አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው። በጥር በየጧቱ ወንበራቸውን ወደ መስኮቱ እንዳስጠጋላቸው የሚጠይቁኝ አንዲት እናት ነበሩ። ስዊድኖች ትንሽ ትልቅ ሳይሉ ሁሉንም «አንተ»፣ «አንቺ» ይባባላሉ፤ እኔ ግን ለእሳቸው አልሆነልኝም፣ በልቤ «እማማ» እያልኩ ነበር የማስታምማቸው። አንድ ቀን ውጭውን እያዩ «ዛሬ በአውራ ዶሮ እርምጃ ረዘመ» አሉኝ። ቀኑን ማለታቸው ነው፤ የድሮ ሰዎች እንዲህ ነው የሚለኩት። ከዚያ ወዲህ እኔም አውቶቡስ ስጠብቅ ሰማዩን መለካት ጀመርኩ።

በዚያው ዓመት ነው ነገሩ የገባኝ። ይህ ጨለማ ጾም ነው። ሁዳዴን ያልጾመ ሰው የፋሲካን ዶሮ ወጥ ይበላል፣ ይጣፍጠዋልም፤ 55 ቀን ጾሞ፣ ሌሊት ከቤተ ክርስቲያን ተመልሶ የሚገድፈው ሰው የሚቀምሰውን ግን አይቀምስም። ስዊድኖች ከፕሮቴስታንቱ ተሐድሶ በኋላ ጾሙን ትተውታል፤ ከጾም መያዣ በፊት ይበላ የነበረው፣ ክሬም የተሞላው ሴምላ ግን ዛሬም አለ። የማስጾሙን ሥራ ብርዱ ተረክቧል ብዬ አምናለሁ።

በቫልቦሪ፣ ኤፕሪል 30 ማታ፣ በእኛ ሚያዝያ 22፣ ጋምላ ኡፕሳላ ከጥንት ነገሥታት መቃብር ጉብታዎች አጠገብ እሳቱ ሲለኮስና ዘማሪዎቹ ፀደይን ሲቀበሉ፣ እኔም እንባዬ መጣ። ማንም ለምን ብሎ አልጠየቀኝም።

ከዚያ በኋላ ቀኖቹ ይሮጣሉ። ሜይ 1 የሠራተኞች ቀን ነው፣ ሰልፍ አለ። ጁን 6 ንጉሥ ጉስታቭ ቫሳ በእነሱ አቆጣጠር በ1523 የነገሠበት ብሔራዊ ቀን ነው፤ ሥራ የሚዘጋበት በዓል የሆነው ግን በ2005 ነው፤ አዲስ ዜግነት ያገኙ ሰዎችም አቀባበል የሚደረግላቸው አብዛኛውን ጊዜ በዚያው ዕለት ነው። በትምህርት ቤቱ መዝጊያ ልጆች ነጭ በነጭ ለብሰው፣ ከ1695 የመዝሙር መጽሐፍ ጀምሮ የሚዘመረውን የአበባ ወራት መዝሙር ያዜማሉ፤ ልጄ ግጥሙን በቃሏ ይዛ ቤት ውስጥ ሰለቸኝ እስክል ድረስ ዘምራዋለች።

የሁሉ አውራ ሚድሶማር ነው። ከ1953 ጀምሮ ዋዜማው ሁልጊዜ ከጁን 19 እስከ 25 ባለው ዓርብ ይውላል። የሥራ ባልደረባዬ ዳላርና፣ ሲልያን ሐይቅ አጠገብ ወዳለው የወላጆቿ መንደር ወሰደችን። እንደ ደረስን ሥራ ተሰጠን፤ ልጄ ሜዳው ላይ አበባ ለቀማ፣ እኔ የበርች ቅጠል ማሰር። በዚህ አገር የሜዳ አበባ ለመልቀም መሬቱ የእኔ ነው ማለት አያስፈልግም፣ ለሁሉ የተፈቀደ ነው። ረጅሙን ግንድ ቅጠልና አበባ አልብሰን፣ ሁለት የአበባ ቀለበት ከአግዳሚው ግራና ቀኝ ሰቀልን። ከዚያ ወንዶቹ ባላ ባላ እንጨት ይዘው፣ አንድ ሽማግሌ እየጮኹ እያዘዙ፣ ቀስ በቀስ አቆሙት። ቫዮሊን ተጀመረ፤ ትልቅ ትንሹ ተያይዞ ዙሪያውን እንደ እንቁራሪት እየዘለለ ጨፈረ።

ወዲያው ዝናብ ጣለ። ከጭፈራው የወጣ ሰው አልነበረም። ብርሃኑ ከእንግዲህ ማጠር እንደሚጀምር ሁሉም ያውቃል፤ ስምንት ወር ሙሉ የጠበቀውን ቀን ማን ለዝናብ ይተዋል?

በሰኔ ጾም ላይ ስለዋለ ሄሪንጉንና ክሬሙን አልነካሁም። እንሽላል የበዛበት አዲስ ድንችና እንጆሪ ግን ጠግቤ በላሁ። ለባልደረባዬ ምን እንደምጾም አስረዳኋት፤ ምሽቱን ሙሉ ድንቹን ወደ እኔ ስትገፋ አመሸች።

በማግስቱ እናቴ ደወለች። «እዚህ ሰኔ ገብቶ ሰማዩ ተዘግቷል፤ ቀስ ብላችሁ ኑ» አለችኝ። ልጄ ስልኩን ቀምታኝ ስለ ግንዱ ታወራላት ጀመር፤ መስቀል እንደሚመስል፣ አበባ እንደሚለብስ።

«ደመራ ነዋ!» አለች እናቴ።

«አይደለም እማዬ» አለች ልጄ፣ «እኛ አናቃጥለውም። በረዶ ሲጥልም እዚያው ነው የሚቆመው።»

«እንግዲያው ለገና በበረዶ ውስጥ ቆሞ ፎቶውን አንሥታችሁ ላኩልኝ» አለች።