ጀርባ የሌለው ካሜራ

በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ ቤቶች መፍረስ ከመጀመራቸው ትንሽ ቀደም ብሎ፣ አንድ አሮጌ ግቢ ውስጥ ቡና እየተፈላ ካሜራ ተክዬ ነበር። ካሜራዋ ከእጅ ስልክ አትበልጥም፤ ፊቷም ጀርባዋም ላይ አንድ አንድ ሌንስ አላት። የአክስቴ ልጅ ከዱባይ ሲመጣ ያገለገለች ገዝቶ ያመጣልኝ ናት። እያንዳንዱ ሌንስ ከግማሽ ክብ አለፍ አድርጎ ያያል፤ ሁለቱ ምስሎች በኋላ በሶፍትዌር ይሰፉና የቪአር መነጽር ያጠለቀውን ሰው ዙሪያውን የሚከብ አንድ ቦታ ይሆናሉ።

ሠርግና ማስታወቂያ ስቀርጽ 8 ዓመት ሞልቶኝ ነበር። ብርሃን ከየት እንደሚመጣ፣ ማንን አስገብቼ ማንን ከፍሬም እንደማስወጣ አውቅ ነበር። ያን ቀን ግን የት እንደምቆም ጠፋኝ። ይቺ ካሜራ ጀርባ የላትም። ከኋላዋ ሆኖ «ትንሽ ወደ ቀኝ» ለሚል ሰው ቦታ የላትም። በመጨረሻ መቅረጫውን አስነሳሁና ጓዳ ገብቼ በሩን ዘጋሁ። 40 ደቂቃ ያህል በጆሮዬ ብቻ ስከታተል ቆየሁ፤ ሲኒ ሲንኳኳ፣ ከሰል ሲራገብ፣ ሰው ሲስቅ። ሥራው ማየት ለሆነ ሰው ሳያዩ መሥራት እንዴት እንደሚከብድ ያኔ ገባኝ።

ይህን የምጽፈው «ቪአር መጀመር እፈልጋለሁ፣ ምን ልግዛ?» እያላችሁ በውስጥ መስመር ለምትጠይቁኝ ነው። ወደ ዕቃው እመጣለሁ። አስቀድሜ ግን ያበላሸሁትን ልንገራችሁ፤ የተማርኩት ከእሱ ነውና።

በመጀመሪያው ቀን ካሜራዋን በቆመ ሰው ዐይን ልክ ተከልኳት። ከሠርግ ቤት የለመድኩት ነው። በመነጽሩ ሳየው ሰዉ ሁሉ ተቀምጦ እኔ ብቻ መሀላቸው እንደ ዘበኛ ቆሜአለሁ። በማግስቱ በርጩማ ላይ በተቀመጠ ሰው ዐይን ልክ ዝቅ አደረግኳት። ያው ቤት፣ ያው ሰው፣ ያው ቡና፤ አሁን ግን እንግዳ ሆንኩ፣ ሲኒው ወደ እኔም የሚመጣ መሰለኝ። በዚህ ሥራ ተመልካቹ ማን እንደሆነ የሚወስነው የካሜራው ከፍታ ነው።

ሁለተኛው ጥፋት ስፌቱ ላይ ነበር። ሁለቱ ምስሎች በሚጋጠሙበት መስመር ላይ ለካሜራው የቀረበ ነገር ካለፈ ይቆረጣል። ቡና የምትቀዳው ልጅ ረከቦቷን ያስቀመጠችው ልክ እዚያ መስመር ላይ፣ ከካሜራዋ አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት ነበር። ጀበናውን ባዘነበለች ቁጥር እጇ ከአንጓው ላይ ለሁለት ይከፈላል። አሁን ዋናው ነገር የሚሆንበትን ቦታ ከአንዱ ሌንስ ፊት ለፊት አደርጋለሁ፤ በስፌቱ በኩል ያለውን ሁሉ ከአንድ ሜትር በላይ አርቃለሁ።

ሦስተኛው ከሁሉም የከፋው ነው። ካሜራዋን በእጄ ይዤ በጠባቡ መተላለፊያ ወደ አስፋልቱ ወጣሁ። ያየው ሰው ሁሉ ደቂቃ ሳይሞላው መነጽሩን እያወለቀ ውሃ ጠየቀኝ። ሊማሊሞን በአውቶቡስ የወረደ ሰው ነገሩን ያውቀዋል፤ ሰውነት እየተጠማዘዘ ዐይን መጽሐፍ ላይ ሲተከል ሆድ ይገለበጣል። ቪአር ላይ የሚሆነው ግልባጩ ነው፤ ዐይን ሄድን ይላል፣ ጆሮ ውስጥ ያለው የሚዛን አካል ደግሞ አልተነሳንም ይላል። በጌም መልክ የምትሠሩም ከዚህ አታመልጡም። ምስሉ በሰከንድ 72 ወይም 90 ጊዜ ሳይቆራረጥ ካልታደሰ፣ ታሪኩ ምንም ቢያምር ተመልካቹን ያቅለሸልሸዋል።

የግቢው ባለቤት የሆኑት እናት ቤታቸው ከፈረሰ በኋላ ልጃቸው ዘንድ ገቡ። ከወራት በኋላ መነጽሩን ይዤላቸው ሄድኩ። ጀበናውን፣ የጎረቤቶቻቸውን ፊት ያያሉ ብዬ ነበር። እሳቸው ግን እንዳጠለቁት ወደ ኋላ ዞሩና ከበሩ ጎን ያለውን ባዶ ግድግዳ ትክ ብለው ያዩ ጀመር። «ልጄ፣ ሚስማሩንም አንስተኸዋል?» አሉኝ። የሟች ባለቤታቸው ካፖርት ይንጠለጠልበት የነበረ ሚስማር ነው። እኔ አላየሁትም ነበር። በለመድኩት ካሜራ ብቀርጽ ኖሮ ያ ግድግዳ መጀመሪያ ከፍሬም የማስወጣው ነበር።

የቪአር መማሪያ ቪዲዮዎች በአንድ ጭንቀት የተሞሉ ናቸው፤ ተመልካቹ ወደ ፈለገበት ማየት ከቻለ ወደምንፈልገው እንዴት እናዙረው? እኔ መልሱን ያገኘሁት አዝማሪ ቤት ነው። አዝማሪ ማሲንቆውን ይዞ በእንግዶቹ መሀል ይዞራል። ፊታችሁ ቆሞ ይገጥምላችኋል፣ «ተቀበል» ብላችሁ ግጥም ታቀብሉታላችሁ፤ አልፎ ከጀርባችሁ ሲጀምር ደግሞ ትዞራላችሁ። ማንም ዙሩ አላላችሁም፤ ድምፁ አዞራችሁ። ማኅሌት ላይም እንዲሁ ነው። መዘምራኑ በቀኝና በግራ ተሰልፈው ዜማውን ሲቀባበሉ መሀል የቆመ ሰው ጆሮው አብሮ ይመላለሳል። ይህን የድምፅ አቅጣጫ ለመያዝ አራት ማይክ በአንድ ራስ ላይ የተገጠመለት መቅረጫ አለ። መቅረጫው ይገዛል፤ ሰው መሀል ተቀምጦ ከዙሪያው ሲዜምለት ምን እንደሚሰማው ማወቅ ግን አይገዛም፣ እኛ ደግሞ አድገንበታል። ለዚህ ነው እዚህ አገር ያደገ ጀማሪ ሲኒማ ትምህርት ቤት ከጨረሰው ያንሳል ብዬ የማላምነው።

ሥራው ራሱ ገና ልጅ ነው። ኦኩለስ የሚባለው የመነጽር ኩባንያ በኪክስታርተር ከሕዝብ ገንዘብ ያሰባሰበው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው፤ ፌስቡክ በ2 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ሊገዛው የተስማማው በ2014። ዛሬ ባለሙያ ከሚባሉት ብዙዎቹ ከሌላ ሙያ የመጡ ናቸው። «ዘ አዘር ዳካር» የተባለውን የቪአር ፊልም የሠራችው ሴኔጋላዊቷ ሴሊ ራቢ ኬን የልብስ ዲዛይነር ናት። ያገዛት ኤሌክትሪክ ሳውዝ የተባለ የኬፕ ታውን ድርጅት ሲሆን፣ የጋናዊው ጆናታን ዶትሴ የቪአር ሥራ የወጣውም ከዚያው ቤት ነው። እንግሊዛዊው ጆ ሀንቲንግ በኮሮና ጊዜ ሰዎች በቪአር በሚገናኙበት ቪአርቻት ውስጥ ብቻ ቀርጾ የሠራው ዘጋቢ ፊልም እ.ኤ.አ. በ2022 ሰንዳንስ የፊልም ፌስቲቫል ላይ ታየ። ኬረስቴል ስሚዝ የጀመረው ጎሪላ ታግ ደግሞ እግር የሌላቸው ጎሪላዎች በእጃቸው መሬት እየገፉ የሚሳደዱበት ጨዋታ ነው። ምስሉ ሻካራ ነው፣ ግን እጅ መሬት ሲገፋ ሰውነት ይስማማዋል፤ ገቢው ከ100 ሚሊዮን ዶላር አልፏል።

በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል ብል ግን እዋሻለሁ። በ2024 እ.ኤ.አ. የወጣው ርካሹ የሜታ (የቀድሞው ፌስቡክ) መነጽር ኩዌስት 3ኤስ ሲወጣ ዋጋው 300 ዶላር ገደማ ነበር። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. በፊት በነበረው የባንክ ምንዛሪ ይህ ገንዘብ 17 ሺህ ብር ገደማ ነበር፤ ብር ለገበያ ከተለቀቀ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ30 ሺህ ተጠጋ፣ ከዚያም አለፈ። እኔ የምሠራበትን ሦስት ሆነን ገዝተን ከዋሽንግተን በሰው ሻንጣ ነው ያስመጣነው። ገዝታችሁም አያበቃም፤ መተግበሪያ ለመግዛት ስትሞክሩ የአገር ውስጥ ካርድ ለውጭ ክፍያ እንደልብ አይሠራም።

ከዋጋው በላይ ያንገበገበኝ ግን የፊደሉ ጉዳይ ነው። ዩኒቲ በሚባለው የጌምና የቪአር መሥሪያ ፕሮግራም ላይ የመጀመሪያውን የአማርኛ ርእስ ስጽፍ በፊደል ፋንታ ባዶ ሣጥን ተደረደረ። አብሮት የሚመጣው ፎንት የእኛን ፊደል አያውቅም። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፣ ነፃ ፎንትም አለ፤ እኔ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ተጠቀምኩ። ሆኖም የትኞቹን ፊደላት እንደሚያዘጋጅ ለፕሮግራሙ መንገር ነበረብኝ። ሁለት ማታ ፈጀብኝ። ሣጥኑ ፊደል ሲሆን ደግሞ ሌላ ችግር መጣ፤ መነጽር ውስጥ ትንሽ ጽሑፍ ይደበዝዛል። ሱ እና ሲ የሚለያዩት በአንዲት ጭረት ቦታ ነው፤ ጭረቷ ከጠፋች ቃሉ ሌላ ይሆናል። ፊደሉን አተለቅኩት፣ አሁንም አልጣመኝም። በመጨረሻ ጽሑፉን አውጥቼ በቦታው ሰው እንዲናገር አደረግኩ። የግቢው ታሪክ አሁን በእናትየው ድምፅ ነው የሚነገረው፤ ከጽሑፉ ይሻላል።

ሌላው አደጋ የተከራያችሁት ቤት ላያችሁ ላይ መዘጋቱ ነው። ጉግል ፖሊ የሚባለው የ3ዲ ሥራዎች ማኖሪያ በ2021 እ.ኤ.አ. ተዘጋ፤ ሰዎች በቪአር ይገናኙባቸው ከነበሩት ደግሞ አልትስፔስቪአር በ2023፣ ሞዚላ ሃብስ በ2024። እዚያ ውስጥ ዓመታት ያሳለፉ ሰዎች አዳራሾቻቸውን ይዘው መውጣት ነበረባቸው፤ የቻሉት ማለት ነው። ጉግል ቲልት ብረሽ የተባለውን መሣያ ሲተው ኮዱን ክፍት ስላደረገው ግን ኦፕን ብረሽ ሆኖ ቀጥሏል፣ በነፃ ነው። ስለዚህ ምን ልግዛ ላላችሁኝ፦ መጀመሪያ ምንም አትግዙ። የ3ዲ መሥሪያው ብሌንደርና የጌም መሥሪያው ጎዶት ነፃ ናቸው። ኤ-ፍሬም በሚባለው የድረ ገጽ ቪአር መሥሪያ የሠራችሁት ቦታ በተራ ስልክ ብራውዘር ይከፈታል። ዋናውን ፋይል ሁልጊዜ በራሳችሁ ሃርድ ዲስክ አኑሩ።

ስለ ድጋፍ ገንዘብ አንድ ነገር ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ2015 ፊልም ሠሪው ክሪስ ሚልክ ቪአርን ከሁሉ የላቀ የመተዛዘኛ ማሽን ብሎ አወደሰው፤ ዮርዳኖስ ውስጥ ባለው የዛታሪ የስደተኞች ካምፕ ትኖር ስለነበረች ልጅ ከተሠራው ፊልም በኋላ ነው። ፊልሙን አይቼዋለሁ፣ በደግ ልብ የተሠራ ነው። ከዚያ ወዲህ ግን ችግር ያለበትን ቤት ለሌላ አገር ተመልካች የማስጎብኘት ፍላጎት ይታየኛል። አንድ ድርጅት የግቢውን ፊልም ለመደገፍ ፈልጎ «ድህነቱ ጎልቶ ይታይ» አለኝ። እምቢ አልኩ። እናትየው በቀረጻው ቀን ነጠላቸውን ለብሰው፣ ቄጠማ ጎዝጉዘው ነው የተቀበሉን።

ፈቃድም ከባድ ነው። ተራ ካሜራ ወዴት እንደሚያይ ሰው ያውቃል፣ ካልፈለገ ይሸሻል። ከዚህችኛዋ ማምለጫ የለም፤ የምታይ መሆኗም አይታወቅም። አንዲት ጎረቤት ገብተው ስለ ልጃቸው ጉዳይ ሲያወሩ ተቀርጸው ነበር። በኋላ ሳሳያቸው ደነገጡ። 11 ደቂቃ ቆርጬ ጣልኩ፤ ከቀረጽኩት ሁሉ ጥሩው ክፍል እሱ ነበር።

አሁን የምቀርጸው ለገሃር አካባቢ ባለ የልብስ ሰፊዎች ሱቅ ውስጥ ነው። ካሜራዋ ከሰኞ እስከ ረቡዕ ሥራ የላትም። መጀመር የምትፈልጉ ተማሪዎች ካላችሁ ላውሳችሁ እችላለሁ፤ የምትቀርጹትን ቦታ ንገሩኝ፣ እዚያ ቁጭ ብላችሁ ግማሽ ቀን ካሳለፋችሁ በኋላ ኑና ውሰዷት። መነጽሩ የሦስታችን ስለሆነ እሱን ለማየት ተራ አለው።