ጆጉን ከማንሳታችሁ በፊት

የሳሎን ተክላችሁ ቅጠሉ ቢጫ መሆን ሲጀምር ቀድማችሁ የምታነሱት የውሃውን ጆግ አይደለም? የደከመ ሁሉ የተጠማ ይመስለናል። እስቲ ከዚያ በፊት ጣታችሁን አፈሩ ውስጥ እስከ ሁለተኛው አንጓ ስደዱት። አፈሩ እርጥብ ከሆነ የጎደለው ብርሃን ሊሆን ይችላል። ጨለማ ቦታ ያለ ተክል ብዙ ውሃ አይጠጣም፤ ያልጠጣው ውሃ ሥሩን አየር ያሳጣውና ያበሰብሰዋል። ሌላም ምልክት አለ፦ ግንዱ ይመዘዛል፣ አዲሱ ቅጠል ከአሮጌው ያንሳል፣ ሁለመናው ወደ መስኮቱ ያዘነብላል።

እናቴ ወደ ጌታ ከሄደች በኋላ ከቤቷ በረንዳ ያመጣነው የጎማ ዛፍ እንዲህ ሆኖ ነበር። የኮንዶሚኒየማችንን ሳሎን ፊት ለፊት ያለው ሕንፃ ይጋርደዋል። ሐምሌ ላይ ቅጠሉ በየቀኑ ሲረግፍ ባለቤቴ፣ «ሌላ እንግዛ፤ መንገድ ዳር ሞልቶ የለ» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ሞልቷል። እናቴ የተከለችው ግን እርሱ ብቻ ነው።

አዲስ አበባ ላይ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በአንድ በኩል አትሄድም። ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ ማብቂያ ገደማ ቀትር ላይ በሰሜን በኩል ታልፋለች፤ በቀረው ጊዜ በደቡብ። ስለዚህ በታኅሣሥ ፀሐይ የሚገባበት መስኮት በሰኔ ጥላ ሊሆን ይችላል። እኛም ዛፉን ወደ ሰሜን ወደሚያየው የወጥ ቤት መስኮት ወሰድነው፤ ከመስኮት ጥቂት እርምጃ መራቅ እንኳ ብርሃኑን በእጅጉ ይቀንሰዋል። መጀመሪያ ግን ስስ መጋረጃ ጋረድንለት። ጥላ የለመደ ቅጠል በአንድ ጊዜ ፀሐይ ላይ ቢወጣ ይቃጠላልና።

የጠቆረውንና የለሰለሰውን ሥር ቆርጬ፣ አሸዋ በተቀላቀለበት አፈር ከሥሩ ቀዳዳ ባለው መትከያ አዛወርኩት። የቅጠሉን አቧራ በእርጥብ ጨርቅ ጠረግሁ፤ አቧራም ብርሃን ይጋርዳል። ማዳበሪያ እንድጨምር የመከሩኝ ነበሩ፤ አልጨመርኩም። የተጎዳ ሥር ማዳበሪያ አይችልም።

መስከረም ሲጠባ ወደ ደቡብ የሚያየው የመኝታ ቤታችን መስኮት ተረኛ ሆነ። በጥቅምት ከጫፉ ላይ በቀይ ሽፋን የተጠቀለለ አዲስ ቅጠል ወጣ። ቀድሞ ያየው ባለቤቴ ነው፤ ከእንቅልፌ ቀስቅሶ አሳየኝ። ከታች ግንዱ አሁንም ራቁቱን ነው። በየሳምንቱ ቅዳሜ ጠዋት መትከያውን ሩብ ዙር የሚያዞረውም እርሱ ሆኗል።