በክመሮች መካከል የሚኖር መምህር

በካምቦዲያ ዋና ከተማ በፕኖም ፔን እንግሊዝኛ ከሚያስተምሩት የውጭ ዜጎች መካከል ፊሊፒናውያን ይገኙበታል። አገሪቱ መምህር ማጣት ምን እንደሆነ ታውቃለች፤ ክመር ሩዥ በገዛባቸው ከ1975 እስከ 1979 ባሉት ዓመታት (እ.ኤ.አ.) ትምህርት ቤቶች ተዘግተው በርካታ መምህራን አልቀዋል። እንግዳው መምህር ዛሬ ክብር አያጣም፤ ተማሪዎቹ መዳፋቸውን ገጥመው «ሎክ ክሩ» እያሉ ሰላም ይሉታል።

ኑሮውም ፈጽሞ ባዕድ አይደለም። ሩዙ እንደ አገሩ የዘወትር ምግብ ነው፤ ከዓሣ ተብላልቶ የሚዘጋጀው ፕራሆክም የአገሩን ባጎኦንግ ያስታውሰዋል። በአገሩ ታላቁን «ኩያ» ይል እንደነበረ፣ እዚህ «ቦንግ» ይላል።

የሚከብደው ናፍቆቱ ነው። ቤተሰቡን ትቶ የመጣ መምህር ከደመወዙ ቆጥቦ ወደ ቤቱ ይልካል። እርሱ የሰው ልጆችን ሲያስተምር፣ የእርሱን ልጆች የምታስጠናቸው አያታቸው ናት።