ሰልፉን ያየው ልጅ

ከእናንተ መካከል «ወደ ገጠር ተዛወርኩ» ብሎ ደብዳቤውን በእጁ ይዞ የሚተክዝ ካለ፣ ወደ ዳር አገር ላኩኝ ብሎ ስለ ለመነ አንድ ሹም ላጫውታችሁ። ሰውዬው ዊልፍሬድ ቴሲጀር የተባለ እንግሊዛዊ ነው።

እንግሊዛዊ ይሁን እንጂ የተወለደው በአዲስ አበባ፣ አባቱ በሚመሩት በእንግሊዝ ሌጋሲዮን ግቢ፣ በግንቦት 1902 ዓ.ም. ነው። የስድስት ዓመት ልጅ ሳለ፣ በጥቅምት 1909 ዓ.ም.፣ የሰገሌ ጦርነት ሆነ። ድል ያደረገው የሸዋ ጦር በጃንሜዳ ሲሰለፍ ሕፃኑ ቆሞ አየ። ነጋሪቱ ይጎሰማል፤ ባለ አንበሳ ለምዱ ይፎክራል፤ ንጉሥ ሚካኤል በሰንሰለት ታስረው ያልፋሉ። ያን ቀን የገባበት ፍቅር እስከ ሽምግልናው እንዳልለቀቀው፣ እ.ኤ.አ. በ1987 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ ራሱ ጽፎታል።

መጽሐፉን ያነበብኩት እዚሁ ሞላሌ፣ በነሐሴ ብርድ ባና ተከናንቤ ነው። ከጃንሜዳው ሰልፍ ስደርስ ግን አጠፍኩት። የአያቴ አባት ከሰገሌ ጥቂት ቀን ቀደም ብሎ፣ ራስ ልዑል ሰገድ በወደቁበት በቶራ መስክ ቀርቷል። ሬሳው አልመጣም። አያቴ ያን ጊዜ የቴሲጀር እኩያ ነበረች። እርሱ ሰልፉን አየ፤ እርስዋ ያየችው የአባቷን ባዶ መደብ ነው።

ወደ ሹመቱ ልመለስ። በኦክስፎርድ ተምሮ፣ የአዋሽን ወንዝ እስከ አውሳ ተከትሎ ከመረመረ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1935 በሱዳን የእንግሊዝ አስተዳደር ተቀጠረ። የተመደበው በዳርፉር፣ ኩቱም በምትባል ሩቅ ቦታ ነበረ። ግመሉን እየጋለበ በየመንደሩ ይዞር ነበርና ደስ አለው። ኋላ ግን በከተማ ጽሕፈት ቤት እንዳያስቀምጡት ፈርቶ ቋሚ ቅጥሩን ለቀቀና በኮንትራት ተቀጠረ፤ ወደ ኑዌሮች ረግረግ አገርም ሄደ። ልብ በሉ፣ ጡረታና የደረጃ ዕድገት ያለውን ሥራ ነው የተወው! እኛ ለአንዲት እርከን ስንት ማመልከቻ እንጽፋለን?

ኢጣሊያ ኢትዮጵያን መውረሯ እንደ ግል ቁስል አሞት ነበር። በ1933 ዓ.ም. ከዊንጌት ጋራ ጎጃም ገብቶ ተዋጋ፤ በግንቦት ወር የጠላት ጦር በአጅባር እጁን ሲሰጥ እርሱም እዚያ ነበረ። ስለዚህ ወዳጃችን አልነበረም የሚል ሰው ከእኔ ጋራ ይጣላል።

ነገር ግን ይህ ወዳጃችን መኪና ይጠላል። አገራችን በልጅነቱ እንዳያት እንድትኖርለት ይመኝ ነበር። በእግርና በበቅሎ መሄድ የሰውን ክብር ይጠብቃል ባይ ነው። እኔ ደግሞ እህቴ ምጥ ጠንቶባት በቃሬዛ ስትወሰድ ከተሸካሚዎቹ አንዱ ነበርኩ። ከመንደራችን እስከ ሞላሌ ድረስ፣ በዝናብ፣ ትከሻ እየተለዋወጥን ነው የሄድነው። እህቴ ተረፈች፤ ልጁ ግን አልተረፈም።

ይህን ሰው ልውደደው ወይስ ልቀየመው ብዬ ብዙ አሰብኩ። አንድ ማታ ለእናቴ ታሪኩን ከነግመሉ፣ ከነጦርነቱ፣ ከነመኪና ጥላቻው አጫወትኳት። እንዝርቷን ሳታቆም ሰማችኝና፣

«ሚስት ነበረችው?» አለችኝ።

«አላገባም፤» አልኳት።

«እንደሱ በለኝ እንጂ!» አለችና ፈትሏን ቀጠለች።