ጥፋቱ የማን ነው?

መቼም ለበዓል ደካ፣ አያታችን ቤት ስንገባ የሚጠብቀን ሥራ የታወቀ ነው፤ ቢላ መሳል። ባለፈው ፋሲካ ዋዜማ ግን ቢላው አልሳል አለ። ተራ በተራ ሞከርን፣ ውሃ አፈሰስን፣ ላባችን ጠብ እስኪል ፈተግን። ወይ ፍንክች! ስለቱ ጥፍራችን ላይ ሲያርፍ ይንሸራተታል።

እማማ በዚያው ቢላ ዶሮዋን ሊበልቱ ሲታገሉ አመለጣቸውና አውራ ጣታቸውን ቆረጣቸው። ዱልዱም ቢላ ክፋቱ ይሄ ነው፤ ስሉ በራሱ ይገባል፣ ዱልዱሙን ግን በጉልበት ሲገፉት ወዳልታሰበበት ይሄዳል።

እኛ ታዲያ ምን አልን? «እማማ፣ ከእንግዲህ ቢላ አይያዙ፤ እጅዎ ደክሟል።» አፋችንን በቆረጠው! እሳቸው መልስ አልሰጡንም። ጣታቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ጓዳ ገቡ። ዶሮዋን እኛው ገነጣጠልናት። 12 መሆን የነበረበት ብልት ስንቆጥረው 14 ሆነ…

ማታ ድንጋዩን አነሳነው። ማስመሪያ በጠርዙ አቁመንበት በሞባይል መብራት ከኋላ ብናበራ፣ መሃሉ ላይ ብርሃኑ በስር ሾልኮ ታየን። ለካ ድንጋዩ እንደ ጭልፋ ጎድጉዷል! ቢላው እዚያ ላይ ቁልቁለት ወርዶ ዳገት ሲወጣ ዝንባሌው ይቀያየራል፤ ስለቱም በመሳል ፈንታ ይድቦለቦላል። ያጎደጎድነው ደግሞ እኛው ነን። በየበዓሉ መጥተን መሃል መሃሉን ብቻ ፈትገን እንሄዳለን።

ማስተካከያው መፋቅ ነው። ግን በምን? ሁለት ድንጋይ እርስ በርስ ቢፋተጉ አንዱ ጎድጉዶ ሌላው አብጦ ልክክ ሊሉ ይችላሉ። መግጠማቸው ሜዳ ናቸው ማለት አይደለም። ሦስት ሲሆኑ ግን መሸዋወድ የለም፤ አንደኛው ከሁለተኛው፣ ሁለተኛው ከሦስተኛው፣ ሦስተኛው ከአንደኛው እየተፈራረቁ ሁሉም የሚገጥሙት ሜዳ ሲሆኑ ብቻ ነው። እንግሊዛዊው መሐንዲስ ጆሴፍ ዊትዎርዝ ጠፍጣፋ የብረት ገጾችን በዚህ መንገድ ስለመሥራት እ.ኤ.አ. በ1840 ጽሑፍ አቅርቦበታል።

ሁለት መሳያ ከጎረቤት ተዋስን። የድንጋያችንን ፊት በእርሳስ አሰመርንና ውሃ እያፈሰስን ፈተግን። እርሳሱ ከዳርና ከዳር ወዲያው ጠፋ። መሃል ላይ ያለው ግን አልለቅም አለ። እሱ እስኪጠፋ እኩለ ሌሊት አለፈ፤ ክንዳችንም ዛለ።

በማግስቱ በግ ታርዷል። እማማ ድንጋዩን አገላብጠው አዩት፣ በመዳፋቸው ዳበሱት። ከዚያ ቢላውን ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው ጫፍ፣ ዳሩን ሳይዘሉ፣ ቀስ እያሉ ሳሉበት። የተጠቀለለው ጣታቸው ቀና ብሎ ቆሟል። ሥጋውን ሲዘለዝሉት አንዴም አልተጎተተባቸውም።

ይቅርታ ልንል አፋችንን ከፈት ስናደርግ ቀና አሉና፣ «ሽንኩርቱን ማን ይልጠዋል?» አሉን።