ለክብረ መንግሥት ሰው አየር ማረፊያው የት ነው?

ከክብረ መንግሥት ወደ አዲስ አበባ በአውሮፕላን ልሂድ ላለ ሰው ለዓመታት የሚቀርበው አየር ማረፊያ ሐዋሳ ነበር። ለአጭር በረራ ሲባል 200 ኪሎ ሜትር ገደማ በመኪና መሄድ ማለት ነው። የሐዋሳው አየር ማረፊያ በ2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ለሐዋሳ ሰው ትልቅ ነገር ነበር፤ ክብረ መንግሥት ላለችበት ለጉጂ ሰው ግን ብዙም አልፈየደም። ሐዋሳ ከደረሱ በኋላ ለአዲስ አበባ የሚቀረው 275 ኪሎ ሜትር ነው፣ ከባቱ እስከ ሞጆ ያለው ደግሞ የፍጥነት መንገድ ሆኗል። ሌሊት ተነስቶ እዚያ የደረሰ መንገደኛ ከሞቀ ወንበሩ ወርዶ፣ ሻንጣውን አስፈትሾ፣ ሰዓት እስኪደርስ የሚጠብቅበት ምክንያት የለውም። ዝም ብሎ ይቀጥላል።

አዶላም እየተባለች የምትጠራው ክብረ መንግሥት እንግዲህ የመኪና ከተማ ናት። ሕይወቷ የተንጠለጠለው ከአፖስቶ ተነስቶ በወንዶ፣ በሀገረ ሰላምና በቦሬ አድርጎ ነገሌ በሚደርሰው አንድ መንገድ ላይ ነው። ይህን መንገድ አንድ ጊዜ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሄደ ሰው ሁለት አገር ያየ ይመስለዋል። ቦሬ ላይ ጉሙ ከእንሰቱና ከቀርከሃው ጋር ተጣብቆ አይለቅም፤ ተሳፋሪው ጋቢውን እስከ አፍንጫው ይስባል፣ ረዳቱም መስኮት የሚከፍት ሰው ካየ ይቆጣል። ክብረ መንግሥት ላይ ብርዱ ይለዝባል። የአንፈራራን ጫካ አልፎ ዋደራ ሲቃረብ ጋቢው ጉልበት ላይ ነው። ነገሌ ሲገባ ደግሞ ያው ረዳት መስኮቱን ራሱ ይከፍታል፣ ውጭ ግመል፣ ግራርና ቀይ አቧራ ነው። ጣራው ላይ በመንገድ የተጫኑ ፍየሎች ካሉ ይህን ሁሉ የአየር ለውጥ ያለ ጋቢ ነው የሚችሉት።

ለመሆኑ አውሮፕላን ለዚህ አገር አዲስ ነገር ነው እንዴ? አይደለም። በጥር 1928 ዓ.ም. የጣሊያኑ ጄኔራል የግራዚያኒ ጦር ከዶሎ ተነስቶ የራስ ደስታ ዳምጠውን ሠራዊት ገፍቶ ነገሌን ሲይዝ፣ አውሮፕላኖቹ ከእግረኛው ፊት ፊት ቦምብ ይጥሉ ነበር። ከነጻነት በኋላ፣ በ1938 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በዲሲ-3 አውሮፕላኖቹ የሣር ሜዳ ላይ ሳይቀር እያረፈ ጠረፍን ከመሀል ማገናኘት ያዘ። ዛሬም በዓለም አቀፉ የአየር ትራንስፖርት መዝገብ ነገሌ "ኢ ጂ ኤል"፣ ሻኪሶ ደግሞ "ኤስ ኬ አር" የሚል መለያ አላቸው። ብዙ የሻኪሶ ሰው ከተማው በዓለም አየር መንገዶች መዝገብ ላይ መኖሯን ቢሰማ የሚስቅ ይመስለኛል።

ሻኪሶ ከክብረ መንግሥት ቅርብ ናት፣ በሚኒባስ ወሬ ሳያልቅ ይደረሳል። የአውሮፕላን ሜዳው እዚያ መሆኑ አይገርምም፤ ወርቁ እዚያ ነው። የለገ ደንቢ የወርቅ ማዕድን በ1990 ዓ.ም. አካባቢ ከመንግሥት ወደ ሚድሮክ ተዛወረ፣ በ2010 ዓ.ም. ደግሞ የአካባቢው ሕዝብ በብክለት አቤቱታ አደባባይ ወጥቶ ሥራው ታገደ፣ ኋላም ተመለሰ። ያ ረጅም ታሪክ ነው። ለዚህ ጽሑፍ የሚበቃው አንድ ነጥብ ነው፦ ከዚህ ምድር ከሚወጣው ሀብት ሁሉ ለአውሮፕላን በዋናነት የሚመቸው ወርቅ ነው፣ ትንሽ ሆኖ ብዙ ያወጣል። የጉጂ ቡና በውጭ ገበያ ስሙ ቢገንም ከኬሻው ጋር የሚጓዘው በአይሱዙ ነው። ከብቱም በጭነት መኪና ነው የሚሄደው። ሰው ደግሞ በተገኘው።

ርቀት እዚህ አገር ቀልድ አይደለም። ጥር 4 ቀን 1966 ዓ.ም. ነገሌ ላይ የሰፈረው የ4ኛው ብርጌድ ወታደር ያመፀው በምግብና በውሃ ነበር። የተራው ወታደር የውሃ ፓምፕ ተበላሸ፣ መኮንኖቹ ከራሳቸው አናስቀዳም አሉ። ንጉሡ የላኳቸውን የምድር ጦር አዛዥ፣ ጄኔራል ድረሴ ዱባለን፣ ወታደሮቹ ይዘው ከዚያው ምግብና ውሃ አቀመሷቸው። አመፁ ወደ ሌሎች ጦር ሰፈሮች ተዛመተ፣ ዓመቱ ሳይዞርም ዘውዱ ወደቀ። የፓምፕ መለዋወጫ በቶሎ የሚደርስበት ከተማ ቢሆን ኖሮ ነገሩ እዚያ ይደርስ ነበር ወይ እያልኩ አንዳንዴ አስባለሁ።

አሁን የነገሌ ቦረና አየር ማረፊያ ስሙ ከያቤሎ፣ ከሚዛን አማንና ከጎሬ-መቱ ጋር በአዳዲሶቹ ግንባታዎች ተርታ የሚጠራ ነው። ደግ ነገር ነው። ወሬው ሁሉ ግን ስለ ማኮብኮቢያው ርዝመትና ስለ ተርሚናሉ መስታወት ነው፤ ከበሩ ውጭ ምን መኪና እንደሚቆም የሚጠይቅ አይሰማም። ለክብረ መንግሥት ሰው ዋናው ጥያቄ ይኸው ነው፤ ከነገሌ እስከ ቤቱ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ይቀረዋልና።

እስቲ እናስላው። በአገር ውስጥ መስመር የሚበርረው ኪው 400 አውሮፕላን ከ70 በላይ ሰው ይይዛል። ይህ ሁሉ ሰው በአንድ ጊዜ በሩ ላይ ይፈስሳል። 12 ሰው በሚጭን ሚኒባስ ስድስት መኪና ይሞላል፣ ከዚያ እስከሚቀጥለው በረራ አንድም ሰው የለም። ታዲያ የትኛው ሾፌር ነው መናኸሪያ ላይ ተራው ደርሶ ሲሞላ ጥሎ፣ ይዘግይ ይሰረዝ የማይታወቅ አውሮፕላን ሜዳ ላይ የሚጠብቀው? የሚጠብቀው ባጃጅ ነው። ባጃጅ ለነገሌ ከተማ ይበቃል፤ ዋደራን ተሻግሮ ግን አዶላ አይገባም። ሌላው ኮንትራት ላንድክሩዘር ነው፣ እሱ ከአውሮፕላን ትኬቱ ባይበልጥ ምን አለ።

ለበሽተኛ ነገሩ ይከፋል። ከክብረ መንግሥት ሆስፒታል ሪፈር የተጻፈለት ሰው ወደ ሐዋሳ ነው የሚሄደው፣ ወደ ሰሜን። አውሮፕላኑ ያለው ደግሞ በስተደቡብ ነው። የጸጥታ ችግር መንገዱን ሲዘጋ አውሮፕላን መተኪያ ይሆናል የሚሉም አሉ፤ ወደ አየር ማረፊያው የሚወስደው መንገድ ያው የተዘጋው መንገድ መሆኑን ይረሱታል።

ሌላው ዓለም ይህን በየመልኩ ይፈታዋል። በሜክሲኮ አየር ማረፊያዎች መንገደኛው ከአዳራሹ ሳይወጣ መስኮት ላይ ከፍሎ ደረሰኝ ይቆርጣል፣ የሚጭነውም ከፌዴራል መንግሥቱ ልዩ ፈቃድ ያለው ታክሲ ነው። ተራ የከተማ ታክሲ ያወርዳል እንጂ አያነሳም። ዋጋው ይወደዳል፣ ከከተማ ታክሲዎቹ ጋር ጸቡም አያልቅም፣ ግን መኪና አለ። እኛ ዘንድ ያንን መቅዳት አያስፈልግም። ከበረራው ሰዓት ጋር የታሰረ፣ የአውሮፕላኑ ትኬት ሲቆረጥ አብሮ የሚቆረጥ አንድ ቅጥቅጥ ለክብረ መንግሥትና ለሻኪሶ፣ አንድ ደግሞ ወደ ፊልቱ ቢመደብ ብዙውን ይሸፍናል።

አስቸጋሪው የሚጀምረው ፈቃዱ ላይ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ነገሌ የምሥራቅ ቦረና ዞን ከተማ ናት፣ ክብረ መንግሥት ያለችው ጉጂ ዞን ውስጥ ነው፤ ዞኑን የማቋቋሙ ውሳኔም ብዙ ተቃውሞ አስነስቶ ነበር። የክብረ መንግሥት መስመር ሁለት ዞን ያቋርጣል፣ ስለዚህ ስምሪቱን አንደኛው ዞን ብቻውን ይወስነው ማለት አዲስ ክርክር መጥራት ነው። ታሪፉን ማን ያወጣል፣ ተራውን የሚይዘው የየትኛው ከተማ ማኅበር ነው፣ መኪናው ተመልሶ ባዶ ቢመጣ ነዳጁን ማን ይችላል? ይህ ከወዲሁ በክልል ደረጃ ቢቆረጥ ይሻላል። ደላላውና ባጃጁ በሩን ከያዙት በኋላ ቦታውን አስለቅቆ ሥርዓት ማስያዝ እንዴት እንደሚያደክም የትኛውንም መናኸሪያ ተራ አስከባሪ መጠየቅ ነው።