የጻፈውና ያጻፈው

ፊልም ሲያልቅ ሰው የሚያደርገውን ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? ሲኒማ ቤት ከሆነ ወንበር ይንኳኳል፣ ነጠላ ይስተካከላል፣ ሁሉም ወደ በሩ ይጋፋል። ቤት ከሆነ ደግሞ ሪሞት ይፈለጋል። በዚያች ሰዓት ስክሪኑ ላይ የሰው ስም እንደ ጎርፍ ይወርዳል። ሥዕሉን የሣለው፣ ቀለሙን የቀባው፣ ሙዚቃውን የደረሰው፣ ሁሉም በየተራው “እኔም ነበርኩበት” ይላል፤ የሚሰማው ግን የለም። መጨረሻ ላይ አንዲት አርማ ትመጣለች። ብልጭ ትላለች፣ አጭር ዜማ ታሰማለች፣ ትጠፋለች። ሦስት አራት ሰኮንድ ብትቆይ ነው። የሚገርመው ታዲያ፣ ከዚያ ሁሉ ስም መሃል ሰው አእምሮ ውስጥ የምትቀረው እሷ ብቻ መሆኗ ነው።

እኔ ስም ማንበብ እወዳለሁ። ቤተሰቦቼ “አለቀ እኮ! ምኑን ነው የምታየው?” እያሉ ይስቁብኛል። ይሳቁ። የስም ዝርዝሩና አርማው አንድ ላይ ሲታዩ ከፊልሙ ያላነሰ ታሪክ ያወራሉ። ለዚህ ደግሞ ሃና-ባርቤራ ከተባለው የአሜሪካ የካርቱን ስቱዲዮ የተሻለ ማሳያ አላገኘሁም። ስሙ እንግዳ ቢሆንባችሁ እንኳ ሥራቸውን ታውቁታላችሁ። እኛ አገር አብረው መኖር ያቃታቸውን፣ ተለያይተው መኖርም ያልሆነላቸውን ባልና ሚስት “ቶምና ጄሪ” እንላቸው የለ? ቶምና ጄሪን የፈጠሩት ዊልያም ሃና እና ጆሴፍ ባርቤራ ናቸው። (ከዚህ በታች የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ሁለቱ ሰዎች የተገናኙት በ1930ዎቹ መጨረሻ፣ ኤም ጂ ኤም በተባለው የሆሊውድ ኩባንያ ውስጥ ነው። ያ ፊልሙ ከመጀመሩ በፊት አንበሳ የሚያገሳበት ኩባንያ ማለት ነው። በ1940 የመጀመሪያዋን የድመትና የአይጥ ፊልም ሠሩ። ድመቱ ያኔ ቶም አልነበረም፤ ጃስፐር ይባል ነበር። ፊልሟ ተወደደች፣ ለኦስካርም ታጨች። ስክሪኑ ላይ ግን የሃናም ሆነ የባርቤራ ስም አልነበረም፤ የተጻፈው የአለቃቸው የሩዶልፍ አይዚንግ ስም ነው። “ቶምና ጄሪ” የሚለው ስም ራሱ የተገኘው ስቱዲዮው ውስጥ በተደረገ ውድድር ሲሆን፣ ያወጣው ጆን ካር የተባለ አኒሜተር 50 ዶላር ተሸለመ። ዓለም ሁሉ የሚጠራው ስም፣ በ50 ዶላር!

ከዚያ ወዲህ ስማቸው መጻፍ ጀመረ። ቶምና ጄሪም ሰባት ኦስካር አገኙ። ነገር ግን መድረክ ላይ እየወጣ ሐውልቱን የሚቀበለው ፕሮዲዩሰሩ ፍሬድ ኩዊምቢ ነበር። ኩዊምቢ ሠዓሊ አልነበረም፤ የመጣው ከፊልም ንግዱ በኩል ነው። ቀልዱን ያሰቡትና የሣሉት ሰዎች ሥራቸው ሲሸለም ያዩ የነበረው ከሩቅ ነው።

ይህ ነገር ለእኛ ብርቅ አይደለም። ከዓመታት በፊት በአንድ መሥሪያ ቤት ስሠራ፣ ሦስት ሆነን ወራት የፈጀ ጥናት አዘጋጀን። ታትሞ ሲመጣ ሽፋኑ ላይ የኃላፊው ስም ብቻ ጉብ ብሏል። አንዷ ባልደረባችን ጥራዙን ከፊት ወደ ኋላ፣ ከኋላ ወደ ፊት አገላብጣ አየችና፣ “ግዴለም፣ ስህተት የተገኘበት ቀን ስማችን ይጠራል” አለች። ሳቅን። ሳቁ ግን ከጥርስ አላለፈም። ሰው ደመወዙን ተቀብሎም ቢሆን፣ “ይህን የሠራሁት እኔ ነኝ” ማለት ይፈልጋል። ረሃቡ ሌላ ነው።

ወደ ሰዎቻችን እንመለስ። በ1957 ኤም ጂ ኤም የካርቱን ክፍሉን ዘጋው። አዲስ ከመሥራት ይልቅ የድሮዎቹን ደግሞ ደጋግሞ ማሳየት እንደሚያዋጣ ሒሳብ ያዦቹ ደርሰውበት ነበር። ሃያ ዓመት ገደማ የሠሩበት ቤት እንዲህ በአንድ ቀን ተዘጋባቸው። ሁለቱ ሰዎች በዚያው ዓመት የራሳቸውን ስቱዲዮ አቋቋሙ። የማን ስም ይቅደም የሚለውን በሳንቲም ዕጣ ጣሉ፤ ለሃና ወጣለት። እነሆ “ሃና-ባርቤራ” ተባለ። ስማቸው ተሸፍኖ የጀመሩት ሰዎች በመጨረሻ ስማቸውን በራፋቸው ላይ ሰቀሉ።

ገንዘቡ ግን ቀጭን ነበር። ለሲኒማ ቤት ይሠሩት የነበረው የሰባት ደቂቃ ፊልም በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር ይመደብለት ነበር። ቴሌቪዥን ለአምስት ደቂቃ ይከፍል የነበረው 3,000 ዶላር ገደማ ነው። ስለዚህ ዘዴ ፈጠሩ። ገጸ ባሕሪው ሲናገር አፉ ብቻ ይንቀሳቀስ፣ የቀረው አካል ባለበት ይቁም፤ ሲሮጥ ከኋላው ያው ዛፍና ያው ቤት ተመላልሶ ይለፍ። ዮጊ የተባለው ድብ አንገቱ ላይ ኮሌታና ክራባት ያሰረው ለመዘነጥ አይደለም። አንገቱ ላይ መስመር ከተገኘ ጭንቅላቱን ከአካሉ ለይቶ መሣል ይቻላል፤ አካሉ አንዴ ከተሣለ ጭንቅላቱን ብቻ መቀያየር ነው። ይህን የናቁ ነበሩ፤ የሥዕልን ጥበብ ገደሉት ያሉም አሉ። ቢሆንም ሥራ ፈትተው ይቀመጡ ለነበሩ ብዙ ሠዓሊዎች እንጀራ ሆነ። በ1960 የጀመረው ዘ ፍሊንትስቶንስ የተባለው የድንጋይ ዘመን ቤተሰብ ፊልም ደግሞ ቤተሰብ ሁሉ ተሰብስቦ ቴሌቪዥን በሚያይበት የማታ ሰዓት የቀረበ የመጀመሪያው ተከታታይ ካርቱን ነው። 166 ክፍል ሄደ።

ነገር ግን በእነዚያ ዓመታት ፊልሞቻቸው ካለቁ በኋላ የምትመጣው የመጨረሻ አርማ የእነሱ አልነበረችም። የአከፋፋዩ የስክሪን ጄምስ ነበረች። በተለይ በ1965 የወጣችው አስቂኝ ታሪክ አላት። ሁለት መስመሮች መጥተው አንዲት ክብ ነገር አቅፈው “ኤስ” ፊደል ይሠራሉ፤ ከሥሩ ኤሪክ ሲዴይ የተባለ ሰው በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ የደረሳት፣ ሆድ የምታባባ ዜማ አለች። ያን ዘመን ያደጉ አሜሪካውያን ልጆች ይህችን አርማ እንደ ጅብ ይፈሯት ነበር። ጎልማሳ ሆነውም ስላልረሷት፣ “የሲኦሏ ኤስ” የሚል ቅጽል አወጡላት፤ በዚሁ ስም በ2010 አጭር ዘጋቢ ፊልም ተሠራባት። እንግዲህ አስቡት፤ ከግማሽ ሰዓቱ ፊልም ይልቅ ጥቂት ሰኮንድ ብቻ የምትቆይ የነጋዴ ማኅተም ዕድሜ ልክ ከልጅ ልብ አትወጣም።

በ1967 ሁለቱ ሰዎች ስቱዲዮአቸውን ታፍት ለተባለ የብሮድካስት ኩባንያ በ12 ሚሊዮን ዶላር ሸጡ። እነሱ በኃላፊነት ቀጠሉ፣ ስሙም ቀጠለ፤ ባለቤቱ ግን ሌላ ሆነ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሙ የሰዎቹ መጠሪያ ብቻ ሳይሆን፣ እንደ ሕንፃና እንደ መኪና የሚሸጥ የሚለወጥ ዕቃ ነው።

በ1979 ታዋቂዋ የኮከብ አርማቸው ወጣች። በጨለማ ውስጥ ብርሃን እየተሽከረከረ መጥቶ ኮከብ ይሆናል፣ የሁለቱ ሰዎች ስም ከሥሩ ይበራል። በ1986 ያችኑ ኮከብ በኮምፒዩተር ደግመው ሠሯት። ኮከቧ በወጣችበት በዚያው በ1979 የሎስ አንጀለስ የካርቱን ሠራተኞች ማኅበር የሥራ ማቆም አድማ መታ። ምክንያቱ ሥራው ወደ ውጭ አገር እየሸሸ መሆኑ ነው። ታሪኩና ድምፁ ካሊፎርኒያ ይዘጋጃል፤ የሚያንቀሳቅሰው በሺህ የሚቆጠር ሥዕልና ቀለም ቅቡ ግን ጉልበት ርካሽ ወደ ሆነበት ይላካል። ታይዋን፣ ታይፔ ከተማ ውስጥ በ1978 የተቋቋመ አንድ ስቱዲዮ ከሃና-ባርቤራ ዋና ሥራ ተቀባዮች አንዱ ነበር። ሠራተኞቹ በ1979 ጥያቄያቸው ተሰማላቸው። በ1982 ደግመው ወጡ፤ ያን ጊዜ ግን ተሸነፉ። ኮከቧ እንደሆነች የማን እጅ እንደሣለ አትናገርም። የታይፔውም የሎስ አንጀለሱም ሠዓሊ ከሥሯ ናቸው።

የእኛ የብራና ጸሐፊዎች ይህን ነገር የተረዱ ይመስለኛል። መጽሐፉን ሲፈጽሙ መጨረሻ ላይ በሚያስቀምጡት ጸሎት የጻፈውን፣ ያጻፈውን፣ ያነበበውንና የሰማውን ሁሉ እግዚአብሔር እንዲምር ይለምናሉ። ልብ በሉ፣ ጻፈ እና አጻፈ አንድ ፊደል ነው የሚለያቸው። ብራናውን የገዛ፣ ቀለቡን የቻለ ሰው “ያጻፈ” ነው፤ ክብሩ አልተነፈገውም። ወገቡ እስኪጎብጥ ተቀምጦ ብርዑን የያዘው ደግሞ “የጻፈ” ነው። ሁለቱም ይጠራሉ፣ አንዱ ሌላውን አይውጥም። የቴሌቪዥን አርማ ግን ያጻፈውን ብቻ ነው የሚጠራው። ይባስ ብሎም፣ ያጻፈው ሰው እንደ ጻፈ ሆኖ ይታያል።

ለምሳሌ ስኩቢ-ዱ የተባለውን ፈሪ ውሻ እንውሰድ። ፊልሙ በ1969 ጀምሮ እስከ ዛሬ አዲስ ይሠራለታል። “ማን ሠራው?” ብትሉ የሚመጣላችሁ መልስ ሃና-ባርቤራ ነው። ውሻውን የነደፈው ግን ኢዋኦ ታካሞቶ ነው። ታካሞቶ ሎስ አንጀለስ የተወለደ የጃፓን ዝርያ ያለው አሜሪካዊ ሲሆን፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከቤተሰቡ ጋር ማንዛናር በተባለው ካምፕ ታግዷል። ሥዕል የተማረው እዚያው፣ አብረውት ከታገዱ ባለሙያዎች ነው። ስኩቢን ሲነድፍ፣ ግሬት ዴን የሚባሉትን ግዙፍ ውሾች የምታራባ ባልደረባውን ጥሩ ዝርያ በምን እንደሚለይ ጠየቃት። ጀርባው ቀጥ ያለ፣ እግሩ የተስተካከለ፣ አገጩ ትንሽ ነው አለችው። እሱም ተገላቢጦሹን ሣለ፦ ጀርባው የተንሸራተተ፣ እግሩ የተወላገደ፣ አገጩ የተንጠለጠለ። ዓለም ለሃምሳ ዓመት የሳቀበት ውሻ ከዚህ የተገኘ ነው። የታካሞቶ ስም በዝርዝሩ ውስጥ አለ፤ አልተሰረዘም። ግን ማን ያነበዋል?

ሃናና ባርቤራን ለመውቀስ አይደለም። ስም ሲቀማ ምን እንደሚሰማ የሚያውቁ ሰዎች ናቸው፤ ከልጅነት እስከ እርጅናም ሠርተዋል። ባርቤራ በ2005 በወጣ አንድ አጭር የቶምና ጄሪ ፊልም ላይ ሲሠራ ከዘጠና ዓመት በላይ ነበር። እኔ የምለው ሌላ ነው። ስም አንዴ አርማ ከሆነ በኋላ የያዘውን ሰው አይሰማም፤ የራሱን መንገድ ይሄዳል። በ1991 ተርነር የተባለው ድርጅት ስቱዲዮውን ከነፊልም ክምችቱ በ320 ሚሊዮን ዶላር ያህል ገዛው። በዚያ ክምችት ላይ ተመሥርቶ በ1992 ካርቱን ኔትወርክ የተባለው ጣቢያ ተከፈተ። ተርነር ራሱ በ1996 ከታይም ዋርነር ጋር ተቀላቀለ። ሃና በ2001 ሲሞት ስቱዲዮው በዋርነር ውስጥ ሟሟ። ባርቤራ በ2006 አረፈ።

በዚህ ቢያበቃ ደንብ ነበር። በ2021 ግን ባለቤቶቹ ስሙን ከመጋዘን አውጥተው ለንደን ለሚገኝ ስቱዲዮአቸው ሰጡት፤ “ሃና-ባርቤራ ስቱዲዮስ ዩሮፕ” ተባለ። ሃናም ባርቤራም አንድ ቀን ያልሠሩበት፣ ከሞቱ ከዓመታት በኋላ ስማቸው የተሰቀለበት ቤት ነው። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይሉ ነበር አባቶቻችን። በእርግጥም ዋለ፤ ተከራይቶም ቢሆን።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ የማተርፈው አንዲት ነገር ናት። ዛሬ በየቤታችን፣ በየመሥሪያ ቤታችን፣ በየማተሚያ ቤቱ የምንሠራው ሥራ ሁሉ አርማ አለው፤ የሚያዘው፣ የሚከፍለውና የሚያስተዳድረው ሰው ስም። ይኑረው፣ ያለ እሱም አይሆንም። ግን ከሥሩ አንድ መስመር ጨምረን “የሠሩት እነ እገሌ ናቸው” ብንል ቀለሙ አያልቅብንም። የሦስት ሰዎች ስም ለመጻፍ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። የቀረበት ሰው ግን፣ ምን ያህል ዓመት ልብ ውስጥ እንደሚቆይ እኔ አውቃለሁ።